ሩቅነት እንደ አጥር፦ ወደ አልዳብራ አቶል የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?



 ለጥያቄና ለውይይት ሰፋ ያለ ጊዜ እንዲተርፍ በተቻለኝ መጠን ለማሳጠር እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ወሬ መስሎ ሊታይ ይችላል። የባሕር በር በሌለው አገር ተቀምጦ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ስላለች የኮራል ደሴት፣ ያውም እዚያ ሄዶ ስለ መዋኘት ማውራት ምን ይሉታል? ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው ኮራል ለእኛ ባዕድ አለመሆኑ ነው። ወደ ዳናክል ወርዶ የጨው ሜዳውን ዳርቻ በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው፣ በዐለት ውስጥ እንደ ተቀረጹ የቀሩ ኮራሎችን ያገኛል። ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት የቀይ ባሕር ውሃ እስከዚያ ድረስ ገብቶ በነበረበት ዘመን በሕይወት የነበሩ ናቸው። ዛሬ የማነሣት አልዳብራም የቆመችበት ዐለት አብዛኛው ክፍል የተገነባው ከ125 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት፣ ምድር እንደ አሁኑ ሞቃት በነበረችበት ጊዜ ነው። የአፋሩን ኮራል ባሕሩ ጥሎት ሄደ፤ ከአልዳብራው ግን አልተለየም። ሁለተኛው መልሴ ይበልጥ ተግባራዊ ነው። ከትምህርት ክፍላችን ስምንት ተማሪዎችንና አንድ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ወደዚያ ለመሄድ ዕቅድ አውጥቻለሁ። ዕቅዱን ለእናንተ የማቀርበው ለማጓጓት አይደለም። ዕቅዱን በማውጣት ብቻ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የተማርነው ነገር በክፍል ውስጥ ከማስተምረው የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

መዋኘት ስል ስኖርክሊንግ የሚባለውን ማለቴ ነው። ይኸውም የዓይን ጭንብልና አጭር የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ በግንባር ተደፍቶ፣ በውሃው ገጽ ላይ እየተንሳፈፉ ቁልቁል መመልከት ነው። የአየር ጋን አይሸከሙም፤ ወደ ጥልቁም አይወርዱም። ኮራል በሰውነቱ ውስጥ ብርሃን የሚሹ ደቃቅ አልጌዎችን አኑሮ ከእነርሱ ምግብ የሚቀበል እንስሳ በመሆኑ፣ የሚበዛው ፀሐይ በሚደርስበት ጥልቀት ነው። ስለዚህ ከገጹ ሆኖ የሚያይ ሰው ብዙ ነገር አያመልጠውም።

አቶል ደግሞ ቀለበት መሰል የኮራል ደሴት ነው። ቻርለስ ዳርዊን በ1842 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ደሴት ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ ሲሰጥም፣ ዙሪያውን የከበበው ኮራል ወደ ብርሃን እየተሳበ ሽቅብ ያድጋል። በመጨረሻ ደሴቱ ይጠፋና ቀለበቱ ብቻ ይቀራል፤ በቀለበቱ ውስጥ የሚቀረው ጥልቀት የሌለው ባሕር ላጉን ይባላል። አልዳብራ ከተለመዱት አቶሎች የምትለየው ቀለበቷ ከባሕሩ በላይ ስምንት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የወጣ በመሆኑ ነው። ዐለቱ በዝናብና በጨው ተበልቶ እንደ ምላጭ ሰልቷል፤ ጫማ ይቀዳል። ርዝመቷ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፒካርድ፣ ፖሊምኒ፣ ማላባርና ግራንድ ቴር የተባሉ አራት ዋና ዋና ደሴቶች ላጉኑን ይከቡታል። ላጉኑ በስፋቱ ከላንጋኖ ሐይቅ ብዙም አያንስም። በደሴቶቹ ላይ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ግዙፍ የምድር ኤሊዎች ይኖራሉ። መብረር ከተዉት የሕንድ ውቅያኖስ ወፎች መካከል በሕይወት የቀረው የመጨረሻው ወፍም የሚገኘው እዚያው ነው።

ይህች ምድር እንዴት ተረፈች? የተለመደው መልስ «ሩቅ ስለሆነች» የሚል ነው። እኔም በመሠረቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሩቅነት ብቻውን አልበቃም። በ1874 ዳርዊንን ጨምሮ የዘመኑ ስመ ጥር የተፈጥሮ ተመራማሪዎች፣ የአልዳብራ ኤሊዎች መርከበኞች ለሥጋ እየጫኑ ሳይጨርሷቸው እንዲጠበቁ ለሞሪሸስ ገዥ ደብዳቤ ጽፈዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ብሪታንያ በደሴቲቱ ላይ ወታደራዊ የአየር ማረፊያ ለመሥራት አስባ ነበር። የብሪታንያ የሳይንስ አካዳሚ የሆነው ሮያል ሶሳይቲ ከአሜሪካ ሳይንቲስቶች ጋር ሆኖ አጥብቆ ተቃወመ፤ ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ደረሰ። በ1967 መጨረሻ፣ ፓውንድ ዋጋው በወረደበት ሰሞን፣ ዕቅዱ ተሰረዘ። በዚያው ውቅያኖስ በምትገኘው በዲዬጎ ጋርሲያ ላይ ግን የጦር ሰፈር ተሠራ፤ የቻጎስ ሰዎችም ከትውልድ ደሴታቸው ተነቅለው ተወሰዱ። ለኤሊዎቹ በየጋዜጣው የሚሟገት ተገኘ፤ ለቻጎስ ሰዎች በዚያን ጊዜ የተነሣው ድምፅ በጣም ጥቂት ነበር። ስለ ጥበቃ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ቢያነቡት መልካም ነው እላለሁ።

ሲሼልስ በ1976 ነፃ ስትወጣ አልዳብራ ተመለሰችላት። በ1979 የሲሼልስ ደሴቶች ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ በ1981 አልዳብራ ልዩ ጥብቅ ሥፍራ ተባለች፤ በ1982 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ዛሬ በፒካርድ ደሴት ላይ ካለው አነስተኛ የምርምር ጣቢያ በስተቀር በአቶሉ ላይ ነዋሪ የለም። ሆቴል የለም። የሚጠጣው ውሃ ከዝናብ የሚጠራቀም ነው።

እንግዲህ ወደ ዕቅዱ ልግባ። የማንኛውም ጉዞ ዕቅድ በቲኬት ይጀምራል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ይኸኛው በደብዳቤ እንደሚጀምር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ፋውንዴሽኑ ሳይፈቅድ ወደ አልዳብራ የሚገባ የለም። ማን እንደሚመጣ፣ በምን መርከብ፣ ለስንት ቀን፣ ምን ለማድረግ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል። በመሬትም ሆነ በውሃ ውስጥ ጎብኚው ከጣቢያው ሠራተኞች ጋር እንጂ ለብቻው አይንቀሳቀስም። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ቢሮክራሲ ቆጥረውት ነበር። ለደብዳቤው መልስ የሚሆን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሲቀመጡ ግን «ምን ለማድረግ?» የሚለው ጥያቄ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። «ለማየት» ብለው ጻፉ፤ ሰረዙት። «ለመማር» ብለው ጻፉ፤ እርሱንም ሰረዙት። በመጨረሻ የተስማሙበት ሐሳብ እያንዳንዱ ሰው በየዕለቱ ከውሃ ሲወጣ የሚሞላው ቀላል የምዝገባ ቅጽ ነው። የነጣ ኮራል የት እንደታየ፣ የዓሣ ማጥመጃ መረብ ቁራጭ የት እንደተጠላለፈ፣ የባሕር ኤሊ በስንት ሰዓት እንዳለፈ በዚያ ይሰፍራል፤ ተሰብስቦም ለጣቢያው ይሰጣል። ታላቅ ሳይንስ ነው አልልም። ባዶ እጅን ይዞ እንግዳ ከመሆን ግን ይሻላል።

ከደብዳቤው ቀጥሎ መንገዱ ይመጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ሲሼልስ ዋና ደሴት እስከ ማሄ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቀጥታ በረራ የግማሽ ቀን ጉዳይ እንኳ አይሆንም። ከማሄ እስከ አልዳብራ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፤ የጉዞው ችግርም ሆነ ወጪ ያለው እዚያ ላይ ነው። በመርከብ ከተሄደ በሰዓት አሥር የባሕር ማይል ለሚጓዝ መርከብ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሌላው አማራጭ በኪራይ አውሮፕላን ከአልዳብራ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ አሳምፕሽን ደሴት በርሮ ከዚያ በጀልባ መሻገር ነው። በሁለቱም መንገድ እንግዳው የሚያድረው በመርከብ ላይ ነው። እኛ የመረጥነው መርከቡን ነው። የምክንያታችን ግማሹ ወጪ ነው፤ ግማሹ ግን፣ ሩቅነት ምን ማለት እንደሆነ በአውሮፕላን የሄደ ሰው ስለማይገባው ነው። ሁለት ቀን ተኩል ሙሉ ምንም መሬት ሳያዩ መጓዝ፣ የባሕር በሽታውን ጭምር፣ የትምህርቱ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። የመድኃኒቱን ክኒን ግን ይዘናል።

የጉዞው ወር በነፋስ ይወሰናል። በዚያ አካባቢ ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ያለማቋረጥ ይነፍሳል፤ ባሕሩ ይነሣል፤ ውሃውም ይደፈርሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ዝናብም ያመጣል። ጸጥታ የሚኖረው ነፋሱ በሚለዋወጥባቸው ሁለት አጫጭር ጊዜያት ነው፤ አንዱ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሌላው በጥቅምትና በኅዳር። እኛ ኅዳርን ይዘናል።

ቀኑንና ሰዓቱን የምትወስነው ግን ጨረቃ ናት። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው ሊሞት የሚችለው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

የአልዳብራ ላጉን ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኘው በጥቂት ጠባብ በሮች ነው። ከሁሉ የሚሰፋው ግራንድ ፓስ ይባላል፤ የላጉኑ ውሃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእርሱ በኩል ይገባል፣ ይወጣል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል። አንድ ትልቅ ሐይቅ የሚያህል ላጉን በስድስት ሰዓት ውስጥ በጥቂት በሮች ሲተነፍስ አስቡት። በበሩ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ወንዝ ነው፤ ከየትኛውም ዋናተኛ ይፈጥናል። እንግዲህ በዚያ በር የሚዋኝ ሰው አይዋኝም፤ ይወሰዳል። ጥያቄው ወዴት ነው የሚወሰደው? ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ከገባ ወደ ላጉኑ ውስጥ፣ ወደ ጸጥተኛው ውሃ ይወስደዋል። በሚጎድልበት ሰዓት ከገባ ወደ ክፍቱ ውቅያኖስ ይተፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አፍሪካ ዳርቻ ድረስ የሚይዘው ነገር ብዙም አያገኝም። ስለዚህ በበሮቹ የሚገባው በሙላት ብቻ ነው። ጀልባዋ ከኋላ ትከተላለች፤ ሙላቱ ከማብቃቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ሁሉም ከውሃ ይወጣል። በሮቹ ጠባብ በመሆናቸው በላጉኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከውጪው ዘግይቶ ይሞላል፣ ዘግይቶም ይጎድላል። ስለዚህ በሠንጠረዥ ላይ የተጻፈው የሙላት ሰዓት ለበሩ በቀጥታ አይሠራም። የጣቢያው ሠራተኞች ይህን በልምድ ያውቁታል፤ «አሁን» ሲሉ መግባት፣ «በቃ» ሲሉ መውጣት ነው። ክርክር የለም።

ሙላቱ በየቀኑ በሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ በሚሆንበት ሰሞን ይበረታል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይለዝባል። ስለዚህ የጉዞ ቀናችንን ስንመርጥ መጀመሪያ የገለጥነው የአየር መንገዱን መርሐ ግብር ሳይሆን የጨረቃን ዕድሜ ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረ በመሆኑ በባሕረ ሐሳብ ስሌት ሠርቀ ሌሊቱን አውጥቶ ከባሕር ሠንጠረዡ ጋር አስተያየው፤ ልዩነቱ ለዕቅዳችን የሚያሰጋ አልነበረም። ስሙ «ባሕር» የሆነ ስሌት በባሕር ላይ ሲውል ለእኔ የመጀመሪያዬ ነው። በዚህ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሰሞን፣ ውሃው ሲለዝብ ይውላሉ። ተማሪዎቹ በላጉኑ ውስጥ ይለማመዱና ወደ በሩ የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

በበሩ መወሰድ ምን እንደሚመስል የምናገረው ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ስለ ሄድሁ ነው። ሰውነትን ለውሃው መተው መጀመሪያ ያስቸግራል፤ እጅና እግር ያለ ሥራ ሲቀሩ ይደነግጣሉ። ከዚያ በኋላ ግን በአውቶቡስ መስኮት እንደሚያዩ ሆኖ የኮራሉ ግድግዳ በሥር ያልፋል። ትላልቆቹ ዓሦች አይወሰዱም፤ አፋቸውን ወደ ፈሳሹ አዙረው፣ ክንፋቸውን በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ፣ ምግቡ እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆነ ትናንሽ ሻርኮች ከውሃው ጋር ወደ ላጉኑ ሲገቡ፣ ለሰው ያላቸው ግድየለሽነት ትንሽ ያስቀይማል። ሰውን የማይፈራ ዓሣ ካላዩ፣ ሌላው ዓሣ ሁሉ ምን ያህል እንደሚፈራን አይታወቅም።

ማን ይሄዳል? ይህ ጥያቄ በትምህርት ክፍላችን ውስጥ ብዙ አነጋግሯል። ከደጋ የመጣ ተማሪ መዋኘት አለመቻሉ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ነገር ግን በመልካም ውጤት ምክንያት ብቻ ሰውን ወደ ፈሳሽ ውሃ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ውጤትና መልካም ጽሑፍ ለማመልከት ያበቃሉ፤ ለመሄድ የሚያበቃው ላንጋኖ ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ በመሆኑ ከእጅ ርቀት በላይ አያሳይም። ይህ ለእኛ ዓላማ በጎ ነው፤ ምንም ሳያይ በቱቦው በእርጋታ የሚተነፍስ ሰው፣ በጠራ ውሃ ውስጥ አይረበሽም። ፈተናው ፍጥነት አይደለም። ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ መንሳፈፍ፣ ቱቦው ውሃ ሲሞላ በትንፋሽ ገፍቶ ማስወጣት፣ ጭንብሉን በውሃ ላይ አውልቆ መልሶ ማጥለቅ፣ ሲደክምም እጅን አንሥቶ እርዳታ መጠየቅ ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። «አልደከመኝም» ማለት የጨዋነት ምልክት በሆነበት አገር ያደገ ሰው፣ እየሰጠመም ቢሆን «ምንም አይደል» ይላል። ይህን ልማድ ላንጋኖ ላይ ማስተው አለብን።

ስለ ጓዙ ሁሉን አልዘረዝርም። ጭንብሉ ፊት ላይ ያለ ማሰሪያ ተለጥፎ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ መያዝ አለበት፤ ካልያዘ መጠኑ ልክ አይደለም። የሕይወት አድን ሰደርያ ሁሉም ይለብሳል፤ ጎበዝ ዋናተኛውም ጭምር። ፀሐዩን የምንከላከለው በአብዛኛው በልብስ ነው፤ እጀ ሙሉና አንገት የሚሸፍን የዋና ልብስ። በቆዳ ቅባቶች ውስጥ ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች ኮራልን ይጎዳሉ በሚል ፓላውና የሃዋይ ግዛት በሕግ ከልክለዋቸዋል። በውቅያኖስ ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በተመራማሪዎች መካከል ክርክር አለ፤ ሸሚዝ ግን አያከራክርም።

ከሻንጣው ይልቅ በሻንጣው ውስጥ ሳይታወቅ የሚሄደው ያሳስባል። በደሴት ላይ ትልቁ ጠላት ብዙ ጊዜ ሰው ሳይሆን ሰው ይዞት የመጣው ነው። አልዳብራ ላይ መርከበኞች ያወረዷቸው ፍየሎች ከመቶ ዓመት በላይ የኤሊዎቹን ሣርና ጥላ ሲሻሙ ኖረው፣ የመጨረሻዎቹ የተወገዱት በ2012 ነው። አይጦች አሁንም አሉ። እኛ ለገመድ የምንጠቀምበት ቃጫ እንኳ እዚያ ወራሪ ተክል ሆኖ ብዙ ጉልበት ፈጅቷል። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት እያንዳንዱ ጫማ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ እያንዳንዱ ኪስ ይገለበጣል፤ በካልሲ ላይ የተጣበቀ የጭንገፍጋፍ ፍሬ ሳይቀር በፒንሳ ይለቀማል። ተማሪዎቹ ቡና ማፍላት ይቻላል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ተቆልቶ የተፈጨ ቡና በመርከቡ ላይ ይፈላል። ጥሬው ቡና፣ ጤና አዳሙና ቀጤማው ግን እዚሁ ይቀራሉ። በአንድ ጉዝጓዝ ውስጥ ስንት ዘርና ስንት ነፍሳት እንዳለ ያሰበ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከነረከቦታችን ወደ መጣንበት ቢመልሰን አይፈረድበትም።

በውሃ ውስጥ ያለው ሥርዓት አጭር ነው፦ አይነኩም፣ አይቆሙም። ኮራል ላይ መቆም ማለት ብዙ ዓመት የፈጀን ግንባታ በተረከዝ መደርመስ ነው። ሰው በደነገጠ ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያደርገው ለመቆም መሞከር ስለሆነ፣ የላንጋኖው ልምምድ ለሰውየው ብቻ ሳይሆን ለኮራሉም ሲባል ነው። ሕመምን በሚመለከት ደግሞ በቂ ሆስፒታል ያለው ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በማሄ ነው። በተራ ቦታ በቅባት የሚያልፍ የኮራል ጭረት እዚያ በፍጥነት ሊመረቅዝ ይችላል። የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም በቅርቡ የጆሮ ሕመም የነበረበት ሰው ለሐኪም ሳይደብቅ መናገር አለበት። የአውሮፕላን ማመላለሻን የሚሸፍን መድን የሌለው አይሳፈርም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። በክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ ያነሣችው ነው፦ «መምህር፣ ያን ያህል የምንሳሳላት ከሆነ፣ ለምን አንተዋትም?»

ጥያቄዋ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ሩቅነት አልዳብራን ከሰው እግር ጠብቋታል፤ ከሰው ሥራ ግን አልጠበቃትም። በ2016 የባሕሩ ሙቀት ባልተለመደ ሁኔታ ጨምሮ ኮራሎቹ ነጡ፤ በውጪው ሪፍ ላይ ከነበረው ጠንካራ ኮራል ግማሽ ያህሉ ጠፋ። በላጉኑ ውስጥ ያለው፣ ድሮም በየዕለቱ የሙቀት መለዋወጥ የለመደ በመሆኑ፣ ጉዳቱ ቀለል ብሎለታል። በ2019 ደግሞ ፋውንዴሽኑ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከመጡ ወጣቶች ጋር ሆኖ ከባሕር ዳርቻው 25 ቶን ቆሻሻ ለቀመ። ከዚያ በኋላም ከ500 ቶን በላይ እንደሚቀር ተገመተ፤ በክብደት አብዛኛው የዓሣ አስጋሪ መርከቦች መረብና ገመድ ነው። በዚያ ውስጥ 360 ሺህ ያህል ሸበጥ እንዳለ አስልተዋል። ነዋሪ በሌለባት ደሴት! አጥሩ ለሰው እንጂ ለሙቀትና ለፕላስቲክ አይሆንም። የምንሳፈርበት አውሮፕላንና መርከብ የሚያወጡት ጭስ ኮራሉን ከሚያነጣው ጭስ የተለየ አለመሆኑን ደግሞ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በሌላ ወገን ጥበቃው በገንዘብ ይኖራል። ፋውንዴሽኑ ሁለተኛ ቅርስ ያስተዳድራል፤ በፕራዝሊን ደሴት ላይ ያለው፣ ኮኮ ዴ ሜር የተባለው የግዙፉ ዘንባባ ደን፣ ቫሌ ደ ሜ። ያ ደን ከዋናው ደሴት በጀልባ በቀላሉ የሚደረስበት በመሆኑ ብዙ ሰው ይጎበኘዋል፤ የአልዳብራ ወጪ ለረጅም ጊዜ የተሸፈነው በአብዛኛው ከእርሱ መግቢያ ክፍያ ነው። ከ2009 ጀምሮ የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች እስከዚያ ድረስ በመዝለቃቸው ወደ አልዳብራ የሚሄዱ የጎብኚ መርከቦች ለዓመታት ሲቀሩ፣ ጣቢያው ሳይዘጋ የቆየው ደኑ ስለ ነበር ነው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ደኑም ጎብኚ ሲያጣ፣ ሁለቱም ተቸገሩ። እንግዲህ አልዳብራን የሚጠብቃት ወደ አልዳብራ የሚሄደው ጥቂት ሰው ሳይሆን፣ ወደዚያ የማይሄደው ብዙ ሰው ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ዕቅዱን በሁለት መልክ አዘጋጀሁት። ፋውንዴሽኑ ከፈቀደ፣ በነገርኋችሁ መንገድ እንሄዳለን። ካልፈቀደ፣ ወይም ወጪው ከአቅማችን በላይ ከሆነ፣ በፕራዝሊን እንቆያለን። በቫሌ ደ ሜ ደን ውስጥ እንሄዳለን፤ የምንከፍለው ገንዘብም ላላየናት አቶል ይውላል። በአጠገቧ ባለችው በኩሪየዝ ደሴት ላይ በ1970ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ ከአልዳብራ የተወሰዱ ግዙፍ ኤሊዎች ይኖራሉ፤ ዙሪያዋ ከ1979 ጀምሮ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ በመሆኑ በጭንብልና በቱቦ ሊጎበኝ ይችላል። ተማሪዎቹ ይህን «ሁለተኛ ዕቅድ» ብለው ይጠሩታል። እኔ በስያሜው አልስማማም፤ ነገር ግን በሃያ ዓመቴ ብሆን ኖሮ እኔም እንደዚያው እጠራው እንደ ነበር አውቃለሁ።

ያችን ተማሪ በሚመለከት፣ እስካሁን የሰጠኋት መልስ ስሌቱን ራሷ እንድትሠራ ነው። የጉዞው ጭስ፣ የምንከፍለው ገንዘብ፣ የምናመጣው መረጃ፣ ተመልሰን ለስንት ተማሪ እንደምናስተምር አንድ ላይ አስቀምጣ ታቀርብልናለች። ውጤቱ «አትሂዱ» የሚል ከሆነ በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ላይ ይነበባል፤ እኔም ቃሌን ሰጥቻታለሁ።

የፈቃድ ማመልከቻችን ተልኳል። የላንጋኖው ፈተና የሚደረገው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛው ቅዳሜ ነው፤ ለመሄድ ያመለከተም ያላመለከተም ሰው መጥቶ መለማመድ ይችላል፤ ጭንብሎቹ ከመሣሪያ ክፍል ይሰጣሉ። ቁጥሩን ቀንሱ የሚል መልስ ከመጣ፣ በመጀመሪያ የምቀረው እኔ ነኝ፤ እኔ አይቻታለሁና።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።